ለኋላ ወንበር ጥላ

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ እናቴ ቨርጂኒያ መጥታ ነበር። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ ልንጠይቅ ስንነሳ ጋቢና ግቢ ብላት እምቢ አለች። "እኔ ከልጅቷ ጋ ነኝ" ብላ ከኋላ፣ ከሕፃን ወንበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩ ላይ መኪናው ተጠቅጥቆ ቆሟል። የከሰዓቷ ፀሐይ በኋላ መስታወት ገብታ ማጅራቷን ትጠብሳለች። በስፖኪዮ ሳያት ነጠላዋን አውልቃለች። አንዱን ጫፍ ራስ መደገፊያው ላይ አስራ፣ ሌላውን በጎን መስታወቱ አሹልካ፣ መስታወቱን ዘግታበት ድንኳን ሠርታለች። ጥለቱ ውጭ ቀርቶ አውራ ጎዳናው ላይ ይውለበለባል።

"እማዬ፣ ኧረ ከኋላ ምንም አይታየኝም!"

"ወደፊት አይደል እንዴ የምትሄደው?"

መልስ አልነበረኝም።

መኪናዬ የ2006 ቶዮታ አቫሎን ናት። ኬንታኪ ውስጥ ጆርጅታውን ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣች። ሊሚትድ የሚባለው ውዱ ዓይነት ቁልፍ ሲጫኑት ከኋላ መስታወቱ ሥር ብቅ የሚል የፀሐይ መጋረጃ አለው። የኔዋ ኤክስ ኤል ናት፤ ርካሿ። ክሩስኮቶው ላይ የመጋረጃው ቁልፍ የሚገባበት ቦታ በባዶ ፕላስቲክ ተደፍኗል። ለዓመታት ያንን ፕላስቲክ አይቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን በነዳሁ ቁጥር "ለዚህኛው አልከፈልክም" የሚለኝ መሰለኝ።

ታክሲ የሚሠራ ጓደኛዬ መስታወቱን አጥቁረውና ተገላገል አለኝ። እሱም ጣጣ አለው። ቨርጂኒያ የኋላ መስታወት ቢያንስ 35 በመቶ ብርሃን ማሳለፍ አለበት ትላለች። ድልድዩን ተሻግረህ ዲሲ ስትገባ 50 ይሆናል። ሁለቱም ዘንድ የምትነዳ ከሆነ የትኛውን ታከብራለህ? ደግሞ መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ማጥቆሪያ ፊልም ማታም አይነሳም። ልላጠው ብትል ምላጩ የበረዶ ማቅለጫዎቹን ቀጫጭን መስመሮች ይዟቸው ይሄዳል። መጋረጃ ግን ስትፈልግ ታወጣዋለህ፣ ሲመሽ ታወርደዋለህ።

አንድ ጋራዥ ደወልኩ። በሰዓት 150 ዶላር፣ ምናልባት አራት ሰዓት፣ ዕቃውን አንተ ካመጣህ ዋስትና የለውም። 600 ዶላር ማለት ነው። ለእናቴ ብነግራት ጃንጥላ ግዛልኝና ይዤ እቀመጣለሁ ማለቷ አይቀርም፤ ስለዚህ አልነገርኳትም።

ቅዳሜ ጠዋት ራስህ ፈተህ ውሰድ ወደሚሉት የአሮጌ መኪና ግቢ ሄድኩ። መግቢያው 2 ዶላር ነው። መፍቻህን ይዘህ ትገባለህ። በመቶ የሚቆጠሩ መኪኖች ጎማቸው ወልቆ በብረት ድጋፍ ላይ ተሰልፈዋል። አንድ ሊሚትድ አገኘሁ። ከፊት ተጨፍልቋል፤ ከኋላ ግን ጭረት የለበትም። መቀመጫውን ከፊት ጠርዙ ሁለት ቦታ ወደ ላይ ሲስቡት ይነሳል። ሥሩ አንዲት የሕፃን ካልሲ ነበረች። ትንሽ ቆም ብዬ አየኋትና ወደ ሥራዬ ገባሁ። ከዚያ የጀርባ መደገፊያው ብሎኖች፣ የጎን ፕላስቲኮች፣ ከመስታወቱ ሥር ያለው ጠፍጣፋ ደፍ። መጋረጃው ተጠቅልሎ የተኛው እዚያ ሥር ነው። ደፉንም አብሬ ወሰድኩት። መጋረጃው የሚወጣበት ስንጥቅ ያለው የሊሚትዱ ደፍ ላይ ብቻ ነዋ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያናገረኝ አንድ ሰው ነው። እሱም የ10 ቁልፍ ጠፍቶበት ሊዋስ ነው የመጣው። የ10 ቁልፍ በዓለም ዙሪያ እንደሚጠፋ ያን ቀን ገባኝ።

መጋረጃው፣ ደፉና ማብሪያው አንድ ላይ 45 ዶላር።

መግጠሙ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅዬ 90 ሰከንድ በሰዓት ቆጠርኩ። የጎን ኤርባጉ (በግጭት ጊዜ የሚነፋው ከረጢት) ሽቦ ከኋላው ምሰሶ ፕላስቲክ ጀርባ ስለሚያልፍ መመሪያው እንደዚያ ይላል። የራሴን ደፍ ሳነሳ ላሜራው ላይ የብሎን ቀዳዳዎቹ ከፋብሪካው ተበስተው ቁጭ ብለዋል። ለሀብታሙም ለድሃውም የተቆረጠው ላሜራ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያቺ ባዶ ፕላስቲክ ናት። በጣም ተናደድኩ፣ በጣምም ደስ አለኝ።

እናቴ ጥላ ሥር ወንበር አውጥታ ሻይዋን ይዛ ታየኛለች። ጎረቤቶች እጃቸውን ከፍ አድርገው ሰላም ብለው ያልፋሉ። አንዱ አውራ ጣቱን ቀስሮልኝ ሄደ። እናቴ እየቆየች ትገረም ጀመር። "መኪና እንዲህ ተገነጣጥሎ ምን ሆነህ ነው የሚል አንድ ሰው የለም? እነዚህ ሰዎች ጤነኞች ናቸው?"

ጤነኞች ናቸው። ጣልቃ አለመግባት እዚህ አገር ጨዋነት መሆኑን ላስረዳት ሞከርኩ። ሻይዋን ፉት እያለች በጥርጣሬ አየችኝ።

መጋረጃው ሠራ። አንድ ነገር ብቻ አልሆነልኝም። ኦሪጅናሉ የኋላ ማርሽ ሲገባ በራሱ ይወርዳል። ያንን ሽቦ ማገናኘት አቃተኝና ተውኩት። ከቀናት በኋላ መጋረጃው ወጥቶ ሳለ ወደኋላ ሄጄ የቆሻሻ ገንዳ ገጨሁ። እናቴ በማግስቱ ወደ አገሯ በረረች። ያ ሁሉ ጥላ የደረሰላት ለስድስት ቀን ነው።

ወሬው ግን አዲስ አበባ ቀድሞኝ ገብቶ ኖሯል። ታናሽ ወንድሜ ደወለ። "ለኔም አምጣልኛ!" የሱ መኪና የ2004 ኮሮላ ነው። አሜሪካ ዕድሜው ሃያ ያለፈ መኪና መሰናበቻው ደርሷል። አዲስ አበባ ግን ገና ጎልማሳ ነው፤ ሊዳር የደረሰ በሉት። ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ስላለኝ ክብደቱ አያስቸግርም። መጋረጃው ግን ከአንድ ሜትር በላይ ነው፤ የትኛውም ሻንጣ አይውጠውም። "እዚያው ሶማሌ ተራ ፈልግ፣ ስመጣ አብረን እናስገጥማለን" አልኩት።

ለጥምቀት ገባሁ። ሶማሌ ተራ ከመኪና ሳንወርድ ነው የከበቡን። "ምን ፈለጋችሁ? ምን ልስጣችሁ?" የኋላ መጋረጃ ስንል አንዱ ልጅ ሮጠ። ሌላው ስልክ ደወለ። ሦስተኛው ለኮሮላ እንደዚህ ዓይነት ነገር ከነጭራሹ የለም ብሎ መከራከር ጀመረ። ማንም ግን አልሰማውም። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሯጩ ልጅ ከሌላ ትልቅ መኪና የወለቀ መጋረጃ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ከዱባይ የገባ ነው አሉን። 25,000 ብር ተባለ፣ በ17,000 ጨረስን።

ጋራዡ ውስጥ ሥራውን የያዘው ሃያ ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሽቦ መንካት ሲጀምር "ባትሪውን ንቀል፣ ከዚያ 90 ሰከንድ ጠብቅ" አልኩት፤ ከቨርጂኒያ የመጣ ሊቅ ነኝ።

"ለምን ጋሼ?"

"የጎን ኤርባግ አለ።"

ምሰሶውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገ። "ይሄ መኪና የጎን ኤርባግ የለውም እኮ።"

ወንድሜ ፊቱን አዞረ። እየሳቀ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ ማየት ጀመርኩ። ሰባት ሰው ከቦናል። መጋረጃው በአራት ጣት ሰፋ። አንዱ ጨርቁን እንጠፈው አለ፣ ሌላው ክንዱን እንጠፈው። ከጎረቤት ታፒሴሪ ተጠርቶ መጣና ደፉን ለክቶ ስንጥቁን በካርቶን ላይ ሣለ። ድምፅ ማጉያዎቹ መሃል ተቀምጦ የነበረው የሶፍት ዕቃ ከእጅ እጅ ሲዞር ዋለ። ላሜራውን በግራይንደር ሊቆርጡ ሲነሱ ግን ጮህኩ። የነዳጅ ታንኩ ከመቀመጫው ሥር ነው፣ ፍንጣሪው ደግሞ እንደ ርችት ነው። እርጥብ ጆንያ አምጥተው ሸፈኑልኝ። በኔ እምነት በቂ አልነበረም። ሽቦውንም ያለ ፊውዝ "ዳይሬክት እናድርገው" ሲለኝ እምቢ አልኩ። ፊውዝ ተገዝቶ ገባ።

ከዚያ ልጁ ሳይጠየቅ አንድ ነገር አደረገ። የኋላ ማርሽ መብራቱን ሽቦ ፈልጎ አገኘ። ከኪሱ አሮጌ ሪሌ፣ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አወጣ። ማርሹ ሲገባ መብራቱ የሚያገኘው ኃይል ሪሌዋን እንዲስባት፣ ሪሌዋም ሞተሩን ወደ ታች እንድታዞረው አገናኘ። "ወደኋላ ስትሄዱ እንዳትጋጩ ብዬ ነው" አለ። የቆሻሻ ገንዳውን ነገር አልነገርኩትም ነበር።

ሒሳብ ስንጠይቅ ለሁሉም ሥራ 2,500 አለ። የሱ፣ የረዳቱና የታፒሴሪው የሙሉ ቀን ሥራ ነው። ወንድሜ ከአፉ ተቀብሎ "ሁለት አድርገው" አለ። ክርኑን ጎሸም አደረግኩት። ቨርጂኒያ ዕቃው 45 ዶላር፣ እጁ 600 ዶላር ነበር። እዚህ ዕቃው 17,000 ብር፣ እጁ 2,500 ብር። ለዕቃው ስንከራከር ማንም አላፈረም። እኔ ሁለት ቅዳሜ ታግዬ ያልቻልኩትን የቻለ እጅ ላይ 500 ብር ለመቀነስ መከራከር ግን አሳፈረኝ። ወንድሜ "አንተማ ዶላር አለህ" አለኝ። እሱም እውነት አለው፤ እዚህ የሚኖረው እሱ ነው።

በማግስቱ እናቴን ቤተ ክርስቲያን ልናደርስ ሄድን። አሁንም ከኋላ ተቀመጠች። ወንድሜ ኩራት በኩራት ሆኖ ማብሪያውን ተጫነ። መጋረጃው እየዘመረ ወጣ። ጥቂት ሄድን።

"ይሄን ነገር አውርደው" አለች።

"ፀሐዩ እማዬ..."

"እዚያ ማዶ ማን ያየኛል ብዬ ነው። እዚህ ሰው አለ።"

ወንድሜ ወደኔ አየ። ከዚያ ተጫነው። መጋረጃው እያጉረመረመ ወረደ። እናቴ ከወገቧ ዞራ በኋላ መስታወት ለባለሱቋ እጇን አወዛወዘች። ባለሱቋም በሩ ላይ ቆማ መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ አወዛወዘችላት።