እርማት፦ ድሬ ደረቅ ብትሆንም ቤዝመንቱ ደረቅ ነው ማለት አይደለም

«ድሬ በረሃ ናት፤ የቪዲዮ ጌሞቻችሁን በፌስታል ጠቅልላችሁ ቤዝመንት ብታስቀምጡ እርጥበት አያገኛቸውም» የሚል ምክር እየተጋራ ነው። በቅንነት እንደተጻፈ አልጠራጠርም፤ ግን ስህተት ነው። የውጭው ሞቃት አየር ቀዝቃዛ ክፍል ሲገባ ይቀዘቅዝና አንጻራዊ እርጥበቱ ይጨምራል፤ ፌስታሉም ውስጡ የቀረውን እርጥበት ያፍናል። የካርትሪጅ (ጌሙ ያለበት የፕላስቲክ ካሴት) የመዳብ ጥርስ አረንጓዴ ዝገት ሲያወጣ፣ የሽፋኑ ወረቀት ሲሻግት አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝናል። ደግሞስ የ1998ቱን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያየ ሰው ድሬ ውሃ አያሰጋትም አይልም።

ለማረጋገጥ፣ ግልጽ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በማጣበቂያ ፕላስተር አሽጋችሁ ሁለት ቀን ቆዩ። ጤዛው ከላስቲኩ ስር ከሆነ እርጥበቱ ከግድግዳው ነው፤ ከላዩ ከሆነ ከአየሩ። ሁለቱም ከታዩ ጌሞቹን ዛሬውኑ ወደ ላይኛው ቤት አውጡ።