«የ10 ቀን ዝርዝር» የመመለሻ ቀጠሮ አይደለም

በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ አንድ ቡድን ተጫዋቹን በ10 ቀኑ የጉዳተኞች ዝርዝር ማስገባቱን ሲያስታውቅ፣ «ከ10 ቀን በኋላ ይመለሳል ማለት ነው» የሚለው የብዙዎች አረዳድ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ቁጥሩ ተጫዋቹ ከውድድር የሚርቅበትን ዝቅተኛ ጊዜ የሚወስን ደንብ እንጂ የሐኪም ትንበያ አይደለም፤ ዋና ፋይዳውም ቡድኑ በተጎዳው ምትክ ሌላ ተጫዋች እንዲያስገባ መፍቀዱ ነው። ለኳስ ወርዋሪዎች ዝቅተኛው 15 ቀን ነው። ቆጠራው እስከ 3 ቀን ወደ ኋላ ተስቦ ሊጀምር ስለሚችል፣ መግለጫው በወጣበት ቀን ላይ 10 መደመርም ያሳስታል። ዝቅተኛው ጊዜ 60 ቀን ወደሆነው ዝርዝር መዛወርም ቢሆን ጉዳቱ በድንገት ባሰ ማለት ላይሆን ይችላል፤ በዚያ ዝርዝር ያለ ተጫዋች ቡድኑ ሊይዛቸው በሚችላቸው የ40 ተጫዋቾች መዝገብ ስለማይቆጠር፣ ቡድኑ ከመዝገቡ ላይ አንድ ቦታ ማስለቀቅ ፈልጎ ሊሆን ይችላል። መመለሻው መቃረቡን የሚያሳየው የተሻለው ፍንጭ ተጫዋቹ በታችኛው ሊግ የማገገሚያ ጨዋታ መጀመሩ ነው።