ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ የሚሸጥ መድኃኒት ቤት ይዘጋ?

የክርክሩ ሐሳብ ከላይ ያለው ርዕስ ነው። አንዷ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የምትሠራ ሐኪም ናት። ሌላው የሰፈር መድኃኒት ቤት ያለው ፋርማሲስት ነው።

ሐኪሟ፦

አዎ፣ ይዘጋ። ማስጠንቀቂያ ስንሰጥ ኖረናል። አንቲባዮቲክ በሐኪም ማዘዣ ብቻ እንደሚሸጥ የማያውቅ ፋርማሲስት የለም። ግን የትኛውም ከተማ ገብታችሁ "ጉሮሮዬን አመመኝ" በሉ፣ አሞክሲሲሊን ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ብር ካነሰባችሁ የክኒኑ ስትሪፕ ይቆረጥላችኋል። "አራት ፍሬ ስጠኝ" ላለ አራት ፍሬ ይሰጠዋል። በአራት ፍሬ ደካማው ጀርም ይሞታል፣ ጠንካራው ይተርፍና ይራባል። ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር፤ ማንም ከሱቅ ገዝቶ ከመጠን በታች ከወሰደው ጀርሙ ይላመደዋል ብሎ።

ደሙ የተመረዘ ሕፃን ሲመጣልን በአምፒሲሊንና በጀንታማይሲን እንጀምራለን። አሁን አሁን ካልቸሩ፣ ማለትም ጀርሙን ከደም አብቅሎ የሚለየው ምርመራ፣ "ክሌብሴላ" የሚባል ጀርም ነው ብሎ ይመለሳል፣ ሁለቱም መድኃኒቶች አይሠሩም። ሴፍትሪያክሶን የሚባለው መርፌም አይሠራም። ለአባትየው "ሜሮፔነም የሚባል አንቲባዮቲክ ከሆስፒታሉ ውጭ ግዛ" ብለን ወረቀት እንሰጣለን። ብዙዎቹ አባቶች ዋጋውን ሰምተው ዝም ይላሉ። እነዚህን ሕፃናት እየገደላቸው ያለው በየሰፈሩ ባንኮኒ ላይ የሚቸረቸረው አንቲባዮቲክ ነው።

ፋርማሲስቱ፦

ዶክተር፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። ያ ሕፃን ስንት ቀኑ ነው? ሦስት? አራት? ከእናቱ ማህፀን ወጥቶ በቀጥታ እናንተ ሙቀት ክፍል ገባ። ከኔ ባንኮኒ ምን ገዛ?

ክሌብሴላ ብቻውን ከሕፃን ወደ ሕፃን አይሄድም። በእጅ ነው የሚሄደው። ደም ሥር ውስጥ በሚገባ ቱቦ (ካኑላ)፣ በደንብ ባልጸዳ የአክታ መሳቢያ (ሳክሽን)፣ ለሁለት ሕፃን በተከፈለ ብልቃጥ ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. በ1847 ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም ቪየና ውስጥ አራሶችን የሚገድለው ሬሳ ሲመረምር ውሎ የሚመጣ የሐኪም እጅ መሆኑን አሳየ፤ በክሎሪን እንዲታጠቡ ሲያደርግ ሞቱ ወረደ። ሐኪሞቹ ግን ተቆጡ። ዛሬም "እጅ" ሲባል መቆጣት አለ፣ "መድኃኒት ቤት" ሲባል ግን ሁሉም ይስማማል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው።

ደግሞም ሰው ለምን ያለ ማዘዣ ይመጣል? ጤና ጣቢያ ወረፋው ቀኑን ይበላዋል። የግል ክሊኒክ ካርድና ላቦራቶሪ ሲከፍል መድኃኒት መግዣው ያልቅበታል።

ሐኪሟ፦

"እጃችሁን አትታጠቡም" ነው የሚሉኝ? እኛ ክፍል ቧንቧው ደርቆ የሚውልበትን ቀን መጥተው ይዩ። በጀሪካን የተቀዳ ውሃ፣ አንድ ማሞቂያ ላይ ሁለት ሦስት ሕፃን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሁሉንም የምታስተናግድ አንዲት ነርስ። ያቺ ነርስ ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው በተሸጋገረች ቁጥር እጇን በውሃና በሳሙና ልታጠብ ብትል፣ በትክክል ሲታጠቡ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ነው የሚፈጀው፣ መድኃኒት የምትሰጥበት ሰዓት አይተርፋትም። እሷን ገዳይ ማለት ቀላል ነው፤ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጦ በተለይ።

ሌላው ነገር፣ ጥያቄዬን አዞሩት። እጅ ጀርሙን ያስተላልፋል እሺ። ግን ያ ጀርም መድኃኒት ያልተላመደ ቢሆን ኖሮ ጀንታማይሲን ይገድለው ነበር፣ ልጁም ይድን ነበር። ማን አላመደው? እናትየው ነፍሰ ጡር ሳለች "ሽንቴን ያቃጥለኛል" ብላ ከሰፈር የገዛችውስ አይቆጠርም? ስለተቆረጠው ስትሪፕም አንድ ቃል አልጻፉም።

ፋርማሲስቱ፦

ማን አላመደው? ሴፍትሪያክሶን መርፌ ነው። ከኔ ገዝቶ ቤቱ ሄዶ ራሱን የሚወጋ ሰው አላየሁም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አንቲባዮቲኮችን በሦስት ምድብ ከፍሏል፤ አሞክሲሲሊን እንደልብ ከሚታዘዙት ነው፣ ሴፍትሪያክሶን ግን በጥንቃቄ ከሚታዘዙት። የየዋርዱን ቻርት ይግለጡ እስቲ። ለሳንባ ምች ሴፍትሪያክሶን። ለሽንት ሴፍትሪያክሶን። በኦፕራሲዮን ለወለደች እናት ሆዷ ከመቀደዱ በፊት አንድ ዶዝ አንቲባዮቲክ በቂ ሆኖ ሳለ፣ ቀናት ሙሉ ሴፍትሪያክሶን ስትወጋ ትከርማለች። ይህን ያዘዘው ባንኮኒ ነው?

ማዘዣ ማዘዣ ይላሉ። በቀን ስንት ማዘዣ "ታይፎይድና ታይፈስ" ተብሎ ሲፕሮና ዶክሲ የሚባሉ አንቲባዮቲኮች ተጽፈውበት እንደሚመጣልኝ ላሳይዎት? ዊዳል በሚባል አንድ የደም ምርመራ ብቻ! ዊዳል የድሮ ኢንፌክሽንና ያሁኑን አይለይም፣ ይህን እርስዎም ያውቃሉ። እኔ እሸጣለሁ፣ ምክንያቱም ማህተም አለው። ሕጋዊ ነው፣ ልክ ግን አይደለም። ሐኪሙ ጋ ደውዬ "ይሄ ለምን?" ስል ደግሞ የሚመለስልኝ "የታዘዘውን ስጥ" ነው። አምስት ዓመት የተማርኩት ለዚህ አልነበረም። ቸርቻሪ መባሌም ቀላል አልሆነልኝም።

እንግዲህ ክርክሩን በትክክለኛ ስሙ እንጥራው። መድኃኒት ቤት ይዘጋ ሳይሆን፣ ሆስፒታል ውስጥ አንቲባዮቲክ ሲታዘዝ "ቆይ" የሚል ሰው ይኑር ነው። ሆስፒታል ውስጥ ከሐኪሙ ጋር ሆነው በመድኃኒት ምርጫ የሚመክሩ ክሊኒካል ፋርማሲስቶች እየተመረቁ ነው። ሐኪሞች ሕመምተኞችን እየዞሩ ሲያዩ (ራውንድ ላይ) ይናገሩ፣ ይሰሙ።

ሐኪሟ፦

ዊዳልን የሚከላከል ሐኪም እኔ አይደለሁም። ሴፍትሪያክሶኑ ግን ለምን እንደሚበዛ ልንገርዎት። የተሻለው መድኃኒት ስቶር ውስጥ አይኖርም። ካልቸር ውጤቱ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ያውም ማብቀያው ካላለቀ። ብዙ ሆስፒታል ጭራሽ ካልቸር የለውም። ሕፃኑ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ነው የሚሞተው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናትየው እያየችኝ "ካልቸሩ ይምጣ" ልበል? "ቆይ" የሚለው ሰው ያን ሰዓት ከኔ ጋር ይቁም።

ክሊኒካል ፋርማሲስት ይምጣ፣ በደስታ። ውሃውን ግን ማን ያመጣዋል?

ፋርማሲስቱ፦

ውሃ እስኪመጣ አልኮል አለ። እጅ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ከሌለ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት አዘገጃጀቱን በነፃ አውጥቶታል፤ ኤታኖል፣ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ፣ ግሊሰሮልና ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። የሆስፒታሉ ፋርማሲ ራሱ ሊቀምመው ይችላል። ኤታኖሉን ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ያመርታል። በኮሮና ጊዜ በየባንኩና በየካፌው በር ቆሞ አልነበረም? የት ገባ? ባንክ ቤት የገንዘብ ቆጣሪ እጅ የሚጠርግ አልኮል ያገኘች አገር፣ አንድ ኪሎ ለማይሞላ ሕፃን አልጋ እንዴት ታጣለች? ይህን ሳስብ በእውነት ያንገበግበኛል። የኔን ሱቅ ከማሸግዎ በፊት በየሕፃኑ ማሞቂያ አጠገብ አንድ ጠርሙስ ይቀመጥ። ባዶ ሲሆን የሚሞላውም ሰው ይታወቅ።

ሐኪሟ፦

ይህችን ጥያቄ ይጻፏት፣ ከእርስዎ ጋር እፈርማለሁ። ለአስተዳደሩም እኔው ይዤ እገባለሁ።

ግን አልኮሉ በየማሞቂያው ተቀምጦ፣ ፋርማሲስቱ ራውንድ ገብቶ፣ ሁሉም በተሟላ ማግስት አንድ ሰው እርስዎ ሱቅ ይመጣል። ማዘዣ የለውም። ጉሮሮውን እያሻሸ "አራት ፍሬ አሞክሲሲሊን" ይላል። ሦስት ጊዜ ጽፈዋል፣ እሱን ምን እንደሚሉት አንድ ጊዜም አልነገሩኝም። ይሰጡታል ወይስ አይሰጡትም?