ሪጅን ሎክ የቴሌቪዥን ጉዳይ አይደለም

«የሌላ አገር ጌም፣ ኮንሶልህ (የጌም ማጫወቻህ) ላይ የማይሠራው ፓልና ኤንቲኤስሲ የሚባሉት የቴሌቪዥን ሥርዓቶች ስለሚለያዩ ነው፤ ካምፓኒዎቹ ምን ያድርጉ?» ብለሃል። ወንድሜ፣ ሪጅን ሎክን፣ ማለትም ኮንሶሉ የሌላ አገር ጌም እንዳይቀበል መቆለፉን፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ያየዋል፤ ግን ትክክል አይደለም።

ልዩነቱ መኖሩ እውነት ነው። ፓል በሰከንድ 50 ጊዜ፣ ኤንቲኤስሲ ደግሞ 60 ጊዜ ገደማ ምስሉን ያድሳል። ግን እኮ ጃፓንም አሜሪካም የሚጠቀሙት ኤንቲኤስሲ ነበር! ታዲያ የጃፓኑ ሱፐር ፋሚኮም ካሴት አሜሪካ ሱፐር ኒንቴንዶ ተብሎ በተሸጠው በዚያው ኮንሶል ላይ ለምን እምቢ አለ? የካሴት ማስገቢያውን ከፈት አድርገህ ብታይ ውስጡ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ። ካሴቱን የሚያግዱት እነሱ ናቸው። በፒንሳ ነቅሎ የጣላቸው ሰው የጃፓኑን ጌም ቁጭ ብሎ ተጫውቷል። ፕላስቲክን ከቴሌቪዥን ጋር ምን አገናኘው?

በእጅ የሚያዘው ጌም ቦይም የራሱ ስክሪን ስለነበረው ቴሌቪዥን አያስፈልገውም ነበር፤ ሎክ አልነበረውም። ሌላው በእጅ የሚያዝ የኒንቴንዶ ኮንሶል፣ 3ዲኤስም የራሱ ስክሪን አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወጣ ግን ተቆልፎ መጣ። ነገሩ በዋናነት ንግድ ነው፦ ዋጋ፣ ጌሙ በየአገሩ የሚወጣበት ቀን፣ የአከፋፋዮች ውል። የየአገሩ የዕድሜ ገደብ ደንብም ይጠቀሳል።

«አሁንማ ሎክ ጭራሽ ቀርቷል» ያልከውም ግማሹ ብቻ ነው ልክ። ፒኤስ5 (ፕሌይስቴሽን 5) የጌም ዲስኩ ከየትም ይምጣ ያጫውታል፤ የብሉሬይ ፊልም ላይ ግን ሪጅን ያያል። ዲኤልሲ (ለጌሙ ተጨማሪ ሆኖ በኢንተርኔት የሚወርድ ይዘት) ስትገዛም ተጠንቀቅ። የአካውንትህ አገርና የዲስኩ ሪጅን ካልገጠሙ፣ ከፍለህም ጌሙ ላይ ላይመጣልህ ይችላል።