«ሰማኸው?»

እሁድ ለቡና የተጠራ ሰው ቡና ይጠጣል ብዬ ነበር የሄድኩት። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ግን ገና ቶናው ሳይቀዳ በሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች መሀል ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ፒያኒስቱ አርተር ሽናቤል የተጫወተውን የቤትሆቨን የመጨረሻ የፒያኖ ሶናታ ከፈቱልኝ። አንድ ደቂቃ ሲሆን አቆሙት። ያንኑ ደቂቃ ከሌላ ሲዲ ደገሙ። ከዚያም ሠለሱ።

«ሰማኸው?»

«ሰማሁት ጋሼ።»

«ምኑን?»

ይኸው ነው እንግዲህ መከራዬ። ሽናቤል 32ቱን የቤትሆቨን ሶናታዎች ለንደን ውስጥ በፈረንጅ ከ1932 እስከ 1935 ሲያስቀርጽ አንዱ የሸክላ ገጽ ከአራት ደቂቃ ተኩል ብዙም አይዝም ነበር። የሚቀረጸው በሰም ላይ ነው (ወርቁን ፈልጉ)። ቆርጦ መቀጠል የለም፤ ጣቱ ከሳተ ወይ እንደገና ይጫወታል ወይ ስህተቱ እንዳለ ይታተማል። የእሱ ስህተቶች ዛሬም አሉ፤ እነሱን ማንም አልነካቸውም። ሰው የሚጣላው በሸክላው ድምፅ ነው፤ ሽሽ ይላል፤ ምጣድ ላይ እንዳለ ተልባ ይንጣጣል። አንዱ አሳታሚ ወደ ሲዲ ሲገለብጠው ተልባውን እንዳለ ይተወዋል፣ ሌላው ጠርጎ ያወጣዋል፣ ሌላው ደግሞ «ሸክላው መሽከርከር የነበረበት በዚህ ፍጥነት ነው» ብሎ ሙዚቃውን በስሱ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ሽናቤል አንዴ ተጫወተ፤ ጋሼ አምስቴ ገዙ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። አበው የተረቱት ስለ ሐሜት ነው፤ እኔ ግን ከዚያ እሁድ ወዲህ ቃል በቃል ነው የምወስደው። ጋሼ 67 ዓመታቸው ነው። ቀጭን ድምፅ ደግሞ ከዕድሜ ጋር ከጆሮ ቀድሞ የሚሸሽ ነገር ነው። እትዬ ከጓዳ «ኧረ ቡናው ቀዘቀዘ!» እያሉ ሦስቴ ተጣሩ፤ አልሰሙም። የ1932ቱን የሸክላ ሽሽታ ግን ሰሙ።

እኔም ብሆን ነቀነቅኩ። የነቀነቅኩት ለጨዋነት ነው፤ ግን ሦስተኛው ሲዲ ሲከፈት የምር ከፋኝ፤ ያ የፎቶ ቤት ልጅ ትዝ ብሎኝ።

እናቴ አንገቷ ላይ እንደ ድሪ የተደረደረ ንቅሳት ነበራት። ከወጣትነቷ የቀረን አንድ ፎቶ ነው፤ እሱም ታጥፎ ተጫጭሮ። «ጭረቱን ብቻ አንሳልኝ» ብዬ ሰጠሁት። በሳምንቱ ስመለስ አንገቷ እንደ ሕፃን አንገት ልሙጥ ብሎ ጠበቀኝ። ልጁ «እድፍ መስሎኝ ነው ጋሼ፤ ደግሞ አምሮባቸዋል» አለኝ። አምሮባቸዋል! የማያውቃትን ሴት! ቀሪ ሂሳቡንም ቆጥሮ ተቀበለኝ። ፎቶው እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ግድግዳ ላይ ልሰቅላት አልቻልኩም፤ ለእህቴ ባሳያት «ማናት?» ነው ያለችኝ። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ በዚያ ፎቶ ቤት በር ሳልፍ አሁንም መንገድ እሻገራለሁ።

ምን ላይ ነበርኩ? ሽሽታው። ሽሽታውና የፒያኖው ቀጭን ጥርታ የሚኖሩት አንድ ሰፈር ነው፤ አንዱን ልጥረግ ያለ ሌላውንም ይጠርጋል። የተጠረገው ሲዲ ላይ ፒያኖው ጥጥ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚጫወት ይመስላል። ይህንን ለጋሼ ብነግራቸው ስድስተኛውን እንደሚገዙ ስለማውቅ ዝም አልኩ። ይልቅ አመለጥኩ ብዬ፣ «እስቲ የእኛን ፒያኒስት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን እንስማ» አልኩ። ፊታቸው በራ፤ ተነሥተው ወደ መደርደሪያው ሄዱ።

«የትኛውን? በፈረንጅ 1960ዎቹ ጀርመን የታተመውን ሸክላ ነው ወይስ በ2006 በሲዲ የወጣውን?»

በረካው ቀዝቅዞ ደረሰኝ።