ከእኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረው ሰው የት ሄደ?

አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ክፍል ሊከራይ የሄደ ሰው የማይጠይቀው የለም። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ቆጣሪው የግል ነው የጋራ? የግቢው በር በስንት ሰዓት ይዘጋል? እንግዳ ማሳደር ይቻላል? ብልጥ የሆነው ደግሞ አከራይዋ ዞር እስክትል ጠብቆ ጎረቤቱን ጠጋ ይልና «ከእኔ በፊት የነበረው ለምን ወጣ?» ይለዋል። ለእኔ ከሁሉም የምትበልጠው ይቺ ጥያቄ ናት። ይኸው ሰው ሥራ ሊቀጠር ሲሄድ ግን ምላሱ ይታሰራል። ከጠዋት እስከ ማታ ወደሚውልበት ቤት ደመወዙንና መግቢያ ቀኑን ብቻ ጠይቆ፣ ፈርሞ ይገባል።

ነገሩን ያስነሳኝ የእህቴ ልጅ ናት። በሒሳብ ሙያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ባለፈው ሰሞን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ቦታ አለፈች፤ አንዱ ሰንጋ ተራ፣ የባንኮቹ ሕንፃዎች በተደረደሩበት፣ ሌላው ከስታዲየም ጀርባ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ። የሰንጋ ተራው ደመወዝ በደንብ ይበልጣል። «አጎቴ፣ የቱ ይሻለኛል?» አለችኝ። ስለ ሁለቱም ምን እንደምታውቅ ጠየቅኋት። የአንዱ ሊፍት እንደሚሠራ፣ የሌላው እንደማይሠራ ነገረችኝ። ሁለቱም ጋ «እኛ እዚህ እንደ ቤተሰብ ነን» ብለዋታል። ሌላ የምታውቀው የለም።

አልፈርድባትም። እኛም በጊዜያችን ከዚህ የተሻለ አናውቅም ነበር። አራት ኪሎ ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይተን፣ የድንጋይ ጠርዝ ላይ ተቀምጠን ክፍት የሥራ ቦታ ስንገለብጥ የምናነበውን እነሱ ዛሬ በቴሌግራም ያነቡታል። ቋንቋው ግን ያው ነው። «ደመወዝ፦ በስምምነት» ይላል፤ ስምምነቱ የአንድ ወገን መሆኑን የሚያውቀው የተስማማ ነው። «በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል/የምትችል» ይላል፤ ጫናውን ማን እንደሚጭነው አይናገርም። በቃለ መጠይቁም ቢሆን ሁሉም ለብሶ፣ ታጥቦ፣ ፈገግ ብሎ ነው የሚጠብቅህ። አንተም እንደዚያው። ውስጡን ለቄስ ነው።

እኔ ሃያ ዓመት በሚጠጋ የሥራ ዘመኔ የደረስኩበት ነገር ቢኖር፣ የመሥሪያ ቤት ጠባይ ሰው ሲቀበል አይታወቅም የሚል ነው። ሰው ሲቀበል ክፉ የሆነ ቤት አላየሁም። የሚታወቀው ሰው ሲሸኝ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ሜክሲኮ አካባቢ ስሙን የማልጠራው አንድ የግል ድርጅት ስገባ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ከክፍል ክፍል እየወሰደ አስተዋወቀኝ፤ በመጀመሪያው ቀን ምሳ ጋበዘኝ። የሰጡኝ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ የቀድሞው ሰው የተዋቸው ነገሮች ነበሩ፤ አንድ የተሰበረ ማስመሪያ፣ የራስ ምታት ክኒን፣ ግማሹ የተፈረመ የክሊራንስ ቅጽ፣ ማለትም የሚለቅ ሰው ዕዳ እንደሌለበት በየክፍሉ የሚያስፈርመው ወረቀት። ንብረት ክፍል ፈርሟል፣ ገንዘብ ያዥ ፈርሟል፣ የሥራ አስኪያጁ ቦታ ባዶ ነው። ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ሒሳብ ደመርኩበት። አንድም ነገር አልጠረጠርኩም።

ሦስት ዓመት ሠርቼ የተሻለ ቦታ አገኘሁና የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ አስገባሁ። በማግስቱ ያ ምሳ ያበላኝ ሰው ሰላምታ ነሳኝ። የክሊራንሱ ቅጽ ላይ ሁሉም ፈረመ፤ የእሱ ፊርማ ብቻ ቀረ። «ነገ ና»፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ከሰዓት በኋላ ሞክር» እየተባልኩ አራት ወር ተመላለስኩ። አዲሱ ቀጣሪዬ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ስድስት ሳምንት ጠብቆ ሌላ ሰው አስገባ። ያኔ ነው የመሳቢያው ወረቀት ትዝ ያለኝ። እኔን የሚገጥመኝ ነገር የገባሁ ዕለት ጠረጴዛዬ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ እኔ መደመሪያ አደረግሁት።

ሕጉ በዚህ ላይ ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል። አሠሪው ደግሞ ውሉ ሲቋረጥ የሚገባውን ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲሰጠው ያዛል፤ ሠራተኛው መመለስ ያለበትን ንብረት ወይም ሒሳብ ራሱ ካላዘገየ በስተቀር። ያላግባብ ካዘገየ እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ቅጣት ሊፈረድበት ይችላል። ምን ይሠራ እንደነበር፣ ስንት ጊዜ እንዳገለገለና ምን ያህል ይከፈለው እንደነበር የሚገልጽ የምስክር ወረቀትም ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። ይህን ሳላውቅ ነበር ያን ሁሉ ጊዜ የተመላለስኩት ማለት ነው? አይደለም፤ የያኔው አዋጅም ከዚህ የራቀ አልነበረም፣ እኔም አውቅ ነበር። ግን ከተማው ትንሽ ናት፣ የሙያ ሰውም ይተዋወቃል፣ ነገ ማን ጋ ደውሎ ምን ይልብኛል የሚል ፍርሃት አለ። ሥራ አስኪያጁም የሚተማመነው በዚያው ፍርሃት ላይ ነው።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ የነገርኳት አንድ ነገር ነው። ውል ልትፈራረም ስትሄድ፣ ለጠብ ሳይሆን ረጋ ብላ፣ «ከእኔ በፊት በዚህ ቦታ ላይ የነበረው ሰው የት ሄደ?» ብላ ትጠይቅ።

ከመልሱ ይልቅ አመላለሱን ተመልከቱ። «ወደ ቅርንጫፍ አድጋ ሄደች»፣ «ውጭ አገር ትምህርት አገኘ»፣ «የራሱን ከፈተ፣ አሁንም ሥራ ይልክልናል» የሚል ሰው ፊቱ ላይ ይታወቃል። ሁለቱ ጠያቂዎች ተያይተው «ለቀቀ» ካሉና ወደ ሌላ ጥያቄ ከዘለሉ ያም መልስ ነው። የባሰው ግን የሄደውን ሰው ማማት ነው። «እሱ እንኳን ሰነፍ ነበር»፣ «እሷ አመለኛ ናት፣ አልተስማማናትም»። ገና ያልቀጠሩህ ሰዎች፣ ለማያውቁት እንግዳ፣ በሌለበት ሰው ላይ ይህን ካሉ፣ አንተ በወጣህ ማግስት ወንበርህ ላይ ለሚቀመጠው የሚሉት ታወቀ ማለት ነው።

ቢሮው ካልነገረህ የሚነግርህ አታጣም። በየሕንፃው ሥር በርጩማ ደርድራ ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት አለች። የየፎቁን ሰው በስሙ ታውቃለች፤ ደመወዝ በስንተኛው ቀን እንደሚገባ ከዱቤ መዝገቧ ላይ ታነበዋለች። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሄደህ አንድ ስኒ ቡና እዘዝ። ሠራተኞቹ አለቃቸው በሌለበት ስለ አለቃቸው ምን እንደሚሉ ስማ። እርግጥ ነው፣ አለቃን የማያማ ሠራተኛ በምድር ላይ የለም፤ እኔም አምቻለሁ፣ ታምቻለሁም። ልዩነቱ ያለው በሳቅ በማማትና ዞር ዞር እያሉ በማማት መካከል ነው።

ሌላም የምወደው መለኪያ አለ፤ ዕቁብ። አንድ የሠራሁበት ቤት ውስጥ ከለቀቁ ሦስት ዓመት ያለፋቸው ሰዎች በደመወዝ ሰሞን እየመጡ ዕቁባቸውን ይከፍሉ ነበር። ዘበኛው መታወቂያ ሳይጠይቅ ነበር የሚያስገባቸው። ለቅሶ ሲሆን ደግሞ ከዚያው ቤት የወጡት ከገቡት እኩል ይታዩ ነበር። ደመወዙ የሚያኮራ አልነበረም፣ ወንበሮቹም ጀርባ ያሳምማሉ። ግን የወጣ ሰው ተመልሶ በደስታ የሚገባበት በር ከዕብነ በረድ ወለልና ከቡና ማሽን ይልቅ ብዙ ይናገራል።

የመውጫ ሰዓቱንም ማየት ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከበሩ ማዶ ቁም፤ ማን ወጣ፣ የየትኛው ፎቅ መብራት ቀረ? የሜክሲኮን የማታ ታክሲ ሰልፍ የሚያውቅ ሰው አንድ ሰዓት ዘግይቶ መውጣት ቤት ለመድረስ ሁለት ሰዓት እንደሚያስከፍል ያውቃል። ትርፍ ሰዓት በአዋጁ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራው የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። አንዳንድ ቤት ታዲያ ለሁሉም «ኃላፊ» የሚል ማዕረግ ያድላል። አዋጁ የሥራ መሪዎችን እንደማይሸፍን የሰማ ሰው የማዕረጉ ብዛት ከየት እንደመጣ ይገባዋል። በስም ብቻ የሥራ መሪ መሆን አይቻልም፣ መቅጠርና ማሰናበትን የመሰለ ሥልጣን ያስፈልጋል። ግን ይህን ፍርድ ቤት ሄዶ የሚከራከር ስንቱ ነው?

አንድ ነገር ላይ ግን እጄን አላለሳልስም። ገንዘብ ለሚይዝ ሠራተኛ ተያዥ መጠየቅ የቆየ ልማድ ነው፤ ባይጥመኝም ምክንያቱ ይገባኛል። ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ወስዶ ካዝና ውስጥ መቆለፍ ግን ሌላ ነው። ዋናውን አይቶ፣ ከኮፒው ጋር አመሳክሮ መመለስ በቂ ነው። ዲግሪህን የሚያስቀር ቤት ገና ሳትገባ መውጫህን እየዘጋ ነው። ሊፍቱ ቢሠራም፣ ምሳ ቢጋብዙህም፣ ቤተሰብ ነን ቢሉህም።

«ምርጫ ያለው ሰው ነው ይህን ሁሉ የሚጠይቅ» የሚሉኝ አሉ፤ እውነት አላቸው። የቤት ኪራይ እንደ ክረምት ጎርፍ በሚጨምርበት ከተማ፣ ዲግሪውን ይዞ ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጠ ልጅ መጀመሪያ ያገኘውን ቢይዝ ማንም ሊወቅሰው አይችልም። እኔ ግን መጠየቅ ለመምረጥ ብቻ ነው አላልኩም። ቤቱን አውቆ የገባ ሰው አገባቡ ይለያል፤ የሚፈርመውን ኮፒ ያስቀራል፣ የተረከበውን ንብረት ዝርዝር ያስፈርማል፣ እያንዳንዱን ደብዳቤ ቤቱ ያስቀምጣል።

ደግሞም የሙከራ ጊዜ የሚባለው የአሠሪው ብቻ አይደለም። በጽሑፍ ስምምነት የሚደረግ ነው፣ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ቤት ወደ ሦስት ወር ይጠጋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ እነሱ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት እንደሚችሉ ሁሉ ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ብዙ ሰው እነዚያን ስልሳ ቀናት እንደ ፈተና ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ያሳልፋቸዋል፤ የሚፈትነው እሱም እንደሆነ ትዝ አይለውም።

የእህቴ ልጅ ጥያቄዋን ጠየቀች። ከስታዲየም ጀርባ ያለው ቢሮ የቀድሞዋን ሠራተኛ ስልክ ሰጣት። «ደውይላት፣ እኛ ከምንነግርሽ እሷ ትንገርሽ» አሏት። ደወለች፤ ሴትዮዋ አርባ ደቂቃ አወራቻት፣ የሥራ አስኪያጁን ቁጣ ሳይቀር ነገረቻት፣ «ግን ልቡ ንጹሕ ነው» ብላ ጨረሰች። ሰንጋ ተራ ላይ ደግሞ «ለቀቀ» አሏት፤ ከዚያ ስለ መግቢያ ቀን ማውራት ጀመሩ።

የመረጠችው ሰንጋ ተራን ነው። ኪራይዋን አስልታ፣ ለእናቷ የምትልከውን ደምራ፣ የደመወዙን ልዩነት ስትነግረኝ መልስ አልነበረኝም። ዲግሪዋን ኮፒ ብቻ ሰጠች፣ ውሏን አንብባ ፈረመች፣ ስልሳውን ቀን ስልኳ ላይ መቁጠር ጀመረች። ትናንት ሃያ ሦስተኛው ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደወልኩላት።

«አጎቴ፣ ገና ቢሮ ነኝ» አለችኝ፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።