ይድረስ ለእንግሊዝኛዎቹ ቃላት ለዛን (than) እና ለዜን (then)፣ ባላችሁበት

እንደምን ከርማችኋል? እኛ እናንተ ከምታናድዱን በስተቀር ደህና ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ አንዳችሁ በኤ አንዳችሁ በኢ ትጻፋላችሁ እንጂ ሌላው ፊደላችሁ ቁርጥ አንድ ነው፣ ፈረንጁ ፈጠን ብሎ ሲያወራ ደሞ ድምጻችሁም አይለይም። ዛን፣ ያንተ ስራ ማወዳደር ነው፣ "ከእሱ እሷ ትበልጣለች" ስንል ያለችው "ከ" ማለት ነህ። ዜን፣ አንተ "ከዚያ" ነህ፣ ቀጥሎ የመጣውን ትናገራለህ በቃ። (እርግጥ የኛም "ከዚያ" ውስጥ "ከ" ተሸጉጣለች፣ እሱን ሌላ ቀን።)

አሁን ምስኪኑ ልጅ አንቺን ከማጣ ብሞት ይሻለኛል ሊላት አስቦ "አይ ውድ ራዘር ዳይ ዛን ሉዝ ዩ" ብሎ ሲጽፍ በ"ዛን" ቦታ "ዜን" ዘው ቢል ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? "መጀመሪያ ብሞት፣ ከዚያ ባጣሽ እመርጣለሁ" ይሆናል። ፕሮግራም አወጣላት እኮ! ተራው ስፔል ቼከር ደሞ ሁለታችሁም ትክክለኛ ቃል ስለሆናችሁ ቀይ አያሰምርባችሁም፣ ዝም ብሎ ያሳልፋችኋል።

ታሪካችሁማ ይባስ። በድሮው እንግሊዝኛ አንድ ቃል ነበራችሁ፣ አጻጻፋችሁ ለይቶለት የጸናው በ1700 ገደማ ነው። ተፋታችሁ፣ ግን ንብረት በወጉ አልተካፈላችሁም። "ገና ቁጭ ከማለቴ ስልኩ ጮኸ" ለማለት "ኖ ሱነር" (no sooner) ብለን ስንጀምር፣ መቼም ነገሩ የጊዜ ነውና ዜን ይመጣል ብለን ስንጠብቅ ዛን ከች ይላል። ሱነር ራሱ ማወዳደሪያ ነው ትሉን ይሆናል፣ እሺ ይሁን፣ ታዲያ "ሱፒሪየር"ስ (superior) "የበለጠ" አይደል እንዴ? እሱ ጋ ስንደርስ ዛን የት ጠፍቶ ነው "ቱ" (to) ቦታውን የሚይዘው?

ስለዚህ ከሁለት አንዳችሁ በአስቸኳይ መልክ ቀይሩ። አንድ ፊደል ብትጨምሩ ምን ትሆናላችሁ፣ እንግሊዝኛ እንደሆነ የማይነበብ ፊደል መደርደር ብርቁ አይደለም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ሁለቱም "ያነሰ" ለሆኑት ለፊወር (fewer) እና ለሌስ (less)
የሚቆጠረው የፊወር የማይቆጠረው የሌስ ነው ከተባለ በኋላ፣ ገንዘብ፣ ሰዓትና ርቀት እየተቆጠሩ ከሌስ ጋር የሚዞሩበት ምክንያት በጽሁፍ ይገለጽልን። ሮበርት ቤከር የሚባል ሰውዬ በ1770 ፊወር ይሻላል ብሎ የጻፋት የግል ምርጫ እንዴት ሕግ ሆና እንደምታስቀጣንም አብሮ ይብራራ።